ኳሱን ወይስ እግሩን?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አቃቂ አንድ አቧራማ ሜዳ ዳር ቆሜ የሠፈር ጨዋታ እያየሁ ነበር። መጀመሪያ የተጫወቱት ሴቶች ናቸው። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች አንዲት የክንፍ ተጫዋች ሁለት ተከላካዮችን አታልላ ስታሻማ፣ ከጀርባዬ አንዱ «ኧረ ይሄማ ወንድ ነው! ይፈተሽልን!» ብሎ ጮኸ። ሜዳ ዳር የቆመው ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ልናገርና እኔም ፈገግ ብያለሁ።

ቀጥሎ ወንዶቹ ገቡ። ድምፁ ቀጠን፣ አረማመዱ ለስለስ ያለ አንድ ልጅ ኳስ ሲነካ ያው ሰውዬ «አንቺ ሴታ ሴት! ቀሚስሽን ልበሺ!» አለው። አሁንም ተሳቀ። ልጁ ኳሷን ለጓደኛው አቀብሎ አንገቱን ደፋ። በሁለተኛው አጋማሽ ሜዳ ውስጥ አላየሁትም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል። ጎበዟን ሴት «ወንድ ነሽ»፣ ለስላሳውን ወንድ «ሴት ነህ» እያልን የምንጮኸው እውነት ለጨዋታው ተቆርቁረን ነው?

ተከላካይ ሸርተቴ ሲወርድ ዳኛው ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ የነካው ኳሱን ነው ወይስ እግሩን? እኛም እስኪ ራሳችንን በዚሁ እንዳኝ።

ኳሱ ይሄ ነው። ትራንስጀንደር የሚባሉት፣ ሲወለዱ የተባሉት ጾታና እነሱ ራሳቸውን የሚያውቁበት ጾታ የማይገጥምላቸው ሰዎች ናቸው። ወንድ ተብላ ተወልዳ እንደ ሴት የምትኖር ስፖርተኛ ከሴቶች ጋር ትወዳደር ወይስ አትወዳደር የሚለው ክርክር ዓለምን ሲያነታርክ ቆይቷል። የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የወንድ ጉርምስናን ያለፉትን ከሴቶች ውድድር አግዷል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርም ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሴቶች እግር ኳስ እንዳይጫወቱ ወስኗል። ጉልበትና ፍጥነት ባለበት ስፖርት ጥያቄው ይነሳል፤ ቢነሳም አይገርምም። ውሳኔውን የሚደግፍም የሚቃወምም አለ። ይከራከሩ።

አሁን ወደ እግሩ እንምጣ። አሜሪካን ሳሞአን ታስታውሳላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2001 በአውስትራሊያ 31 ለ 0 የተቀጠቀጠችውን? ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2011፣ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቶንጋን 2 ለ 1 አሸንፋ በፊፋ ዕውቅና ባለው ጨዋታ የመጀመሪያ ድሏን አገኘች። በዚያ ቀን የመሃል ተከላካይ ሆና የተሰለፈችው ጃያ ሳኤሉዋ ትባላለች። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ትራንስጀንደር ነች። በሳሞአ እንደሷ ያሉት «ፋአፋፊኔ» ይባላሉ፤ በቤተሰቡም በመንደሩም የታወቀ ስምና ቦታ አላቸው። ሆላንዳዊው አሠልጣኝ ቶማስ ሮንገን ያያት ሸርተቴዋን ነው። አሰለፋት፤ አሸነፉ።

ልብ በሉ! ጃያ የተጫወተችው በወንዶች ቡድን ነው። ማንንም ሴት አላሸነፈችም፤ የማንንም ሴት ሜዳሊያ አልወሰደችም። እንዲያም ሆኖ ተማሪ ሳለች ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ለወንዶቹ ቡድን ልትሞከር ሄዳ ገና ስታሟሙቅ ነው የመለሷት። ታዲያ እዚህ ላይ «ፍትሐዊ ውድድር» የሚለው ሰበብ የት ገባ? የአቃቂው ልጅስ ከወንዶች ጋር አይደል እንዴ የሚጫወተው?

«ይፈተሽልን» የሚለውም ጩኸት ቀልድ ሆኖ አይቀርም። የኢኳቶሪያል ጊኒዋ ጄኖቬቫ አኖንማ እ.ኤ.አ. በ2008 የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ወንድ ነሽ ተብላ በኃላፊዎች ፊት ልብሷን እንድታወልቅ መገደዷን በኋላ ለቢቢሲ ተናግራለች። በ2012 የአፍሪካ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሆነችው እሷው ነች። የዛምቢያዋ ባርብራ ባንዳ በ2022ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በምርመራ ሰበብ ከሜዳ ውጭ ሆና፣ በ2024 የቢቢሲ የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች ተባለች። ሁለቱም ትራንስጀንደር አይደሉም። ድንጋዩ አንዴ ከተወረወረ ማንን እንደሚመታ አይታወቅም።

«ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ሴታ ሴት፣ ወንዳ ወንድ የሚሉትን ቃላት ግን ከፈረንጅ አልተዋስናቸውም። ቃሉ ካለ ሰውየው አለ ማለት ነው፤ ሠፈራችን ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሜዳ ዳር። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢትዮጵያውያን የመሠረቱት ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው ቡድን፣ በቲክቶክ እንዲህ ያሉ ሰዎች ይደብደቡ፣ ይገደሉ የሚሉ ቅስቀሳዎች መሰራጨታቸውን አጋልጧል። ከሜዳ ዳር ስድብ እስከዚያ ድረስ መንገዱ ረጅም አይደለም።

ብዙዎቻችሁ በሃይማኖታችሁ ነገሩን እንደማትቀበሉት አውቃለሁ። የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ድርጊትን ይቀጣል። ሰው ድምፁ ስለቀጠነ ይዋረድ፣ ይደብደብ የሚል አንቀጽ ግን የለም፤ እኔ የማውቀው ሃይማኖትም እንዲህ አይልም።

አቃቂ ቃሊቲ እኮ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ቡድን ያሰለፈ ክፍለ ከተማ ነው። የነገዋን የክንፍ ተጫዋች የምናገኘው ከዚያው አቧራ ሜዳ ነው፤ እኛው በስድብ ካላባረርናት። ለዳኛው እንጩህ፤ ለኦፍሳይዱ እንጩህ፤ ከካታንጋ የወረስነው ወግ ነውና ማንም አይከለክለንም። እግር መምታት ግን ፋውል ነው፤ ሲብስም ቀይ ካርድ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ሜዳ እሄዳለሁ። ያን ልጅ ሲጫወት ባየው ደስ ይለኛል። ያ ሰውዬ ሲጮህ ግን ፈገግ አልልም፤ «ተው» እለዋለሁ።