ባላጋራ የሌለበት ድርሰት

ኮሌጅ የገባ ተማሪ አሳማኝ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ሲታዘዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው የተለመደ መልክ ያለው ድርሰት ነው፤ በመግቢያው አቋሙን ይናገራል፣ በሦስት አንቀጾች ሦስት ምክንያቶች ይደረድራል፣ በመጨረሻውም አንቀጽ ያንኑ አቋም በሌላ ቃል ይደግመዋል። በእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት በኩል ወደ ኢትዮጵያ ክፍሎች የገባው ይህ ባለ አምስት አንቀጽ ቅርጽ ጀማሪን ሥርዓት ለማስያዝ የሚጠቅም ቢሆንም አንድ ከባድ ጉድለት አለው፤ በውስጡ የሚቃወም ሰው የለም። ጸሐፊው የሚናገረው ቀድሞ ለተስማማ አንባቢ በመሆኑ ምክንያቶቹ አይፈተኑም፣ አቋሙም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መሥመር ቅንጣት ታህል አይለወጥም። የተማሪው ጽሑፍ ለምን ይደክማል ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የምክንያታዊነት ባህል ማነስ ወይም የእንግሊዝኛ ችሎታ መድከም ነው። ሁለተኛው ከፊል እውነት አለው፤ የመጀመሪያው ግን አገሩን አለማወቅ ነው። ተማሪው ያደገበት የክርክር ልማድ ባላጋራን ፊት ለፊት የሚያቆም ሆኖ ሳለ ድክመቱ የሚመጣው የጽሕፈት ትምህርቱ ይህን ባላጋራ ከወረቀቱ ላይ ስላስወጣበት ነው።

ነገሩን ለመመርመር ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚወስደው መንገድ የተመቸ ስፍራ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ በዚሁ መንገድ ላይ የሚገኘው የዛሬው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ መምህራንን የሚያሠለጥን ተቋም በመሆኑ፣ በዚያ ስለ ክርክር አጻጻፍ የሚሰጠው ትምህርት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ይደገማል። አካባቢው ለዘመናዊ ትምህርትም እንግዳ አይደለም፤ በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተከፈተው በኮተቤ ሲሆን፣ በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ከቀደምት ተማሪዎቹ ብዙዎቹን ያገኘው ከዚያ ነው። የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ሲጀመር የሥነ አመክንዮና የሂሳዊ አስተሳሰብ ትምህርት ለሁሉም ተማሪ ተሰጥቷል፤ የእንግሊዝኛ የመግባቢያ ክህሎት ትምህርትም አብሮት ይሰጣል። በአንደኛው ክፍል ተማሪው የሕጸጽ ዓይነቶችን፣ ማለትም ትክክል የሚመስሉ ግን የማያስኬዱ የአስተሳሰብ መንገዶችን ስም ያጠናል፤ በሌላው ክፍል ደግሞ አንቀጽ መጻፍ ይለማመዳል። ሁለቱ ትምህርቶች እምብዛም ስለማይገናኙ የሕጸጹን ስም በምርጫ ጥያቄ ለይቶ የሚያከብብ ተማሪ ያው ሕጸጽ በገዛ ድርሰቱ ሲገባ ሳያየው ያልፋል።

እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በሰፊው ይሠራበት የነበረው የበልሃ ልበልሃ ሙግት ከዚህ እጅግ የተለየ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛና በተሰበሰበ ሰው ፊት ቆመው አንዱ ሌላውን ይጠይቃል፤ ተጠያቂው አምኖ ወይም ክዶ መመለስ ግድ ስለሚሆንበት ነገሩ እየጠበበ ሄዶ ሁለቱ በእርግጥ የሚለያዩበት ነጥብ ብቻ ይቀራል። ከሁሉ ይልቅ ለጽሕፈት መምህር ትኩረት የሚገባው ውርርዱ ነው። ተሟጋቹ የተናገረው ቃል እውነት ስለመሆኑ ማር፣ በቅሎ ወይም ገንዘብ ያስይዝ ነበር፤ ማስረዳት ካቃተው የተወራረደበትን ይከፍላል። በዚህ ሥርዓት ማጋነን ዋጋ ያስከፍላል፤ «ሁልጊዜ» ወይም «ማንም» ብሎ የሚናገር ሰው አንድ ተቃራኒ ምስክር ቢመጣበት እንደሚረታ ስለሚያውቅ ቃሉን ይለካል። በኮሌጅ ድርሰት ግን «መላው የዓለም ሕዝብ እንደሚያውቀው» ብሎ መጀመር ምንም አያስከፍልም።

ይህ ማለት የጥንቱ ሙግት ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። ግቡ መርታት ስለነበር አንደበተ ርቱዕ የሆነው እውነት የያዘውን ሊጥል ይችል ነበር፤ የሚያስይዘው የሌለው ድኻም ከባለጸጋው ጋር እኩል አይወራረድም። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቀጥሎም የሥነ ሥርዓት ሕጎቹ ሲወጡ ልማዱ ከፍርድ ቤት መገፋቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የሚያሳዝነው ከፍርድ ቤት ሲወጣ ወደ ክፍል የጋበዘው አለመኖሩ ነው። ልማዱም የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም፤ በኦሮሞ የገዳ ጉባኤም ሆነ በጉራጌ የጆካ ሸንጎ ተከራካሪ የሚናገረው መልስ ሊሰጠው በሚችል ሰው ፊት ቆሞ ነው።

ባላጋራን በጽሑፍ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ለግዕዝና ለአማርኛ የንባብ ትምህርት አዲስ አይደለም። የአንድምታ ትርጓሜ፣ ማለትም የአንድን ንባብ አማራጭ ፍቺዎች በ«አንድም» እያስከተለ የሚያቀርበው የቤተ ክርስቲያን የሐተታ ስልት፣ በየመሐሉ አንባቢ ሊያነሣ የሚችለውን ጥያቄ በ«ስለምን ቢሉ» ዓይነት አነጋገር ራሱ አንሥቶ ራሱ ይመልሳል። የትርጓሜ መምህሩ በዚህ መንገድ የሌለውን ጠያቂ በጉባኤው መሐል ያስቀምጠዋል። የዛሬው የጽሕፈት ትምህርት በብዙ ድካም ሊያስተምረው የሚሞክረው ነገር፣ ተቃውሞን አስቀድሞ አይቶ መመለስ፣ የካ ተራራ ላይ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ለሚማር የአብነት ተማሪ ተራ ነገር ነው።

ክርክርን ለመተንተን በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራባቸው መሣሪያዎች በዋናነት ሁለት ናቸው። አሪስጣጣሊስ የማሳመኛ መንገዶችን በሦስት ይከፍላቸዋል፤ እነርሱም የተናጋሪው ተኣማኒነት፣ የሰሚው ስሜትና የነገሩ ምክንያት ናቸው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን ደግሞ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተግባር ክርክር እንደ ሒሳብ ማረጋገጫ እንደማይሄድ አሳይቶ ክፍሎቹን ዘርዝሯል፤ ከእነርሱም አቋም፣ ማስረጃ፣ ከማስረጃው ወደ አቋሙ የሚያሻግረው ብዙ ጊዜ ያልተነገረ ሐሳብ፣ የአቋሙ ገደብና ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ ይገኙበታል። የቱልሚን ሐሳብ መነሻ የፍርድ ቤት ክርክር መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ በሙግት ባህል ያደገን ተማሪ ከአሪስጣጣሊስ ሦስት ስሞች ይልቅ ይህኛው እንደሚቀርበው መገመት አያዳግትም።

መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ለማየት ከኮተቤ ግቢ ቀና ብሎ ተራራውን ማየት ይበቃል። «ባሕር ዛፍ ከእንጦጦና ከየካ ተራሮች ይነሣ ወይስ ይቆይ?» የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ እውነተኛ ክርክር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ በማገዶና በቤት ሥራ ፈጥኖ አለቀ፤ የማገዶ ችግሩ ዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስኪያስቡ ያደረሰ ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ገብቶ ሲስፋፋ ከተማዪቱ በቦታዋ ጸናች። ይሁን እንጂ ዛፉ ውሃ ያደርቃል የሚለው ስሞታ ስለበረታ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ ትእዛዝ ወጣ፤ ትእዛዙ ግን ሳይፈጸም ቀረ። እንደ ክርክር ሲታይ ትእዛዙ ምክንያት አልጎደለውም። የጎደለው «ነገ ምን አነዳለሁ?» ለሚለው የከተማ ነዋሪ የሚሰጥ መልስ ነው።

የዛሬ ተማሪ በዚህ ርዕስ ሲጽፍ በአመዛኙ «ባሕር ዛፉ ይነሣ» ብሎ ይጀምርና ምንጮች መድረቃቸውን፣ ከዛፉ ሥር ሌላ ተክል አለመብቀሉንና አፈሩ መታጠቡን በማስረጃነት ይደረድራል። ባላጋራ ከሌለበት ድርሰቱ በዚህ ያበቃል፤ መምህሩም ሦስት ምክንያት ቆጥሮ ነጥብ ይሰጣል። ባላጋራው ሲገባ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ምንጩ የደረቀው ዛፉ ስለመጣ ነው ወይስ ዛፉ ከመጣ በኋላ የሚል ይሆናል፤ አንድ ነገር ሌላውን ተከትሎ መምጣቱ በእርሱ ምክንያት መምጣቱን አያሳይም፣ በመሐል ከተማው ሰፍቷል፣ ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ መሬቱ በቤትና በአስፋልት ተሸፍኗል። ባላጋራው ቀጥሎ ከዛፉ ሥር መሬቱ የተራቆተው ዛፉ ብቻውን ባደረገው ነው ወይስ ቅጠሉ ለእንጀራ ምጣድ ማገዶ በየጊዜው ስለሚጠረግ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ቅጠሉ የተጠረገበት ቁልቁለት አፈሩ ቢታጠብ ጥፋቱ የዛፉ ብቻ አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ከእንጦጦ እስከ የካ ባለው ተራራ እንጨት ተሸክመው ወርደው ሸጠው የሚያድሩ ሴቶች አሉ፣ የጭቃ ቤት ግድግዳና ጣሪያም፣ የግንባታ መወጣጫም የሚቆመው በአጣና ነው።

ደካማው ተማሪ በእነዚህ ጥያቄዎች ፊት ወይ አቋሙን ይጥላል ወይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የሠለጠነው ግን ሦስተኛ መንገድ አለው፤ አቋሙን ያጠባል። ውሃ በብዛት የሚስብ ዛፍ በምንጭ ራስጌ ሊቆም አይገባም የሚለው አሻጋሪ ሐሳቡ ከተቃውሞው ሁሉ በኋላ እንደቆመ መሆኑን ያያል፣ ስለ ተራራው በሙሉ የተናገረው ግን እንደማይጸና ይረዳል። ስለዚህ «ባሕር ዛፍ ይነሣ» የነበረው አቋም «በወንዞች መነሻና ገደላማ በሆነው ቦታ ያለው ባሕር ዛፍ በጥድ፣ በወይራና በመሳሰሉት ሀገር በቀል ዛፎች ቀስ በቀስ ይተካ፤ በቀረው ቦታ ለማገዶና ለአጣና ይቆይ፤ መተካቱም የተሸካሚዎቹን መተዳደሪያ ከማሰናዳት ጋር አብሮ ይሂድ» ወደሚል ይለወጣል። ይህ አቋም ከመጀመሪያው ያነሰ ድፍረት ያለው ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ማር አስይዞ ሊወራረዱበት የሚቻለው እርሱ ነው። አንድ ድርሰት ክርክር መሆኑ የሚታወቀው ጸሐፊው ሲጀምር በነበረው አቋምና ሲጨርስ ባለው አቋም መካከል የተቃውሞ አሻራ ሲኖር ነው።

በኢትዮጵያ ከተጻፉት የተማሪ ጽሑፎች ሁሉ ውጤቱ የከበደው የዋለልኝ መኮንን ጽሑፍ በዚህ መሣሪያ ሲታይ ብዙ ያስተምራል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ዋለልኝ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው አጭር ጽሑፍ ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የሚል ቀን ይዞ በተማሪዎች መጽሔት በ«ትግል» የወጣ ነው። ለናሙናነት የሚበቃው ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው ተብሎ አይደለም። ጸሐፊው ገና በመግቢያው ጽሑፉ በጅምላ አነጋገርና በትንተና ማነስ እንደሚታማ ራሱ ያምናል፤ አንባቢም ሐረግ ነጥሎ እንዳያነሣበት ይጠይቃል፤ ይህ ባላጋራን አስቀድሞ ያየ ሰው አነጋገር ነው። ዋናውን ነጥብ የሚያራምደው ደግሞ የኢትዮጵያ ባህል፣ ቋንቋና ሃይማኖት የማን እንደሆነ በተከታታይ በመጠየቅ በመሆኑ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆንም አንባቢውን አምኖ ወይም ክዶ እንዲመልስ እንደሚያስገድድ የሙግት ጠያቂ ይሄዳል። ድክመቱም የሚታየው በዚያው ቦታ ነው፤ የአንድ ቋንቋና ባህል የበላይነት የቋንቋው ባለቤት የሆነው ሕዝብ የበላይነት ነው ወይ የሚለው፣ ከማስረጃው ወደ አቋሙ የሚያሻግረው ሐሳብ፣ ከተጠየቁት ጥያቄዎች መሐል የለም። የጽሑፉ ተቃዋሚዎች አጥብቀው የሚይዙት መሻገሪያ ይኸው ነው፤ ደጋፊዎቹም ሊያጠናክሩት የሚገባቸው እርሱን ነበር።

ጊዜው ግን ለጽሑፍ ምላሽ ፋታ አልሰጠም። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ተገደለ፣ በማግሥቱም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። ዛሬም አንድ መምህር ይህን ጽሑፍ ወደ ክፍል ለማስገባት ቢያመነታ አይፈረድበትም፤ መተንተን መደገፍ ወይም ማውገዝ ተደርጎ ይወሰዳልና። ባሕር ዛፍ ለመጀመሪያ ልምምድ የሚመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰው ስለ ዛፍ ሲከራከር ከባላጋራው ጋር ተጣልቶ አይቀርም።

በክፍል ውስጥ ባላጋራውን ለመመለስ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሁለት ተማሪዎች ይጣመራሉ፤ አንደኛው አቋሙን ይጽፋል፣ ሁለተኛው በራሱ ስም ተቃውሞ ይጽፋል፣ የመጀመሪያው መልስ ከመስጠቱ በፊት ተቃውሞውን በራሱ ቃል ጽፎ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ብሎ እንዲፈርምበት ያደርጋል፤ መልሱ የሚጻፈው ከዚያ ወዲያ ነው። የቃል ሙግቱ በአማርኛ ወይም ተማሪዎቹ በሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ቢካሄድ፣ እንግሊዝኛው የሚመጣው የሚባለው ነገር ከተገኘ በኋላ ይሆናል። ይሉኝታ እንቅፋት ይሆናል የሚለው ስጋት እውነት አለው፤ ባልንጀራን በጽሑፍ መቃወም እንደ ድፍረት ሊቆጠር ይችላል። ይሁን እንጂ በጥንቱ ሙግትም ሰው ጎረቤቱን በአደባባይ የሚጠይቀው ሥርዓቱ ስለፈቀደለት ነበር፤ በክፍልም መምህሩ ተቃውሞን ግዴታ ካደረገው የሚቃወመው ተማሪ ትእዛዝ ፈጸመ እንጂ ደፈረ አይባልም።

የሚከብደው የነጥብ አሰጣጡ ነው። ብዙ ተማሪ ያለበትን ክፍል የሚያስተምር መምህር የሰዋስው ስሕተትን በቀይ እስክሪብቶ ቶሎ ያያል፤ የተቃውሞን ጥንካሬ ለመመዘን ግን ድርሰቱን ሁለት ጊዜ ማንበብ አለበት። በቋንቋ ስሕተት የሚቀነሰው ነጥብ ለተቃውሞው ጥራት ከሚሰጠው እስከበለጠ ድረስ ተማሪው የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው፤ አጫጭርና ስሕተት የሌለባቸው ዓረፍተ ነገሮች ጽፎ፣ ሦስት ምክንያት ቆጥሮ፣ ያቺን እንጨት ተሸካሚ ሳይጠራት ወረቀቱን ያስረክባል።