ጥይቱ የማይገኝ ጠመንጃ ዱላ ነው

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ሰሞኑን ደወለልንና «ጠመንጃ በትእዛዝ ላሠራ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚተኩሰውን ጥይት ግን አልፈልግም» አለን። ከመሐላችን አንድም አዳኝ የለም። ክርክር ግን መቼ አጥተን እናውቃለን! እነሆ ክርክሩን ይዘን መጣን።

ወዳጃችን የሚያሠራው ኤአር-15 የሚባለውን ከፊል አውቶማቲክ፣ ማለትም ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተኩሰውን ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ጠመንጃ የሚይዘው በ5.56 ጥይት ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ አጋዘን በጠመንጃ የሚያድን ሰው የጥይቱ ስፋት ቢያንስ 0.23 ኢንች እንዲሆን ታዛለች። የ5.56 አረር 0.224 ኢንች ነው። ለጥቂት ወደቀ ማለት ነው! ስለዚህ ምርጫው ከ6.5 ግሬንዴል፣ ከ6.8 ኤስፒሲ እና ከ.300 ብላክአውት አንዱ ሆነ።

እስቲ መጀመሪያ ይህን እንበል። «ሕጉ ስለማይፈቅድልኝ» ማለት ምክንያት ነው። «ከሰው ለየት ልበል» ማለት ግን ምክንያት አይደለም። ለየት ያለ ጫማ ገዝቶ ቢጠብ ሌላ መግዛት ይቻላል። ለየት ያለ ጥይት የመረጠ ሰው ግን ጠመንጃው እስካለ ድረስ ያንኑ ጥይት ሲፈልግ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2020 አሜሪካ ውስጥ የጥይት መደርደሪያዎች ባዶ ሲሆኑ ያየ ያውቀዋል። በጭንቅ ጊዜ ፋብሪካ ማሽኑን የሚያዞረው በብዛት ወደሚሸጠው ነው። የግሬንዴል ርካሽ የልምምድ ጥይት ደግሞ ከሩሲያ ይመጣ ነበር፤ አሜሪካ በ2021 አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት ስታቆም ያ በር ጠበበ። ጥይት ሲወደድ ልምምድ ይቀንሳል። ያልተለማመደ አዳኝ ደግሞ አጋዘኑን አይጥልም፤ አቁስሎ ጫካ ይሰደዋል።

ይህ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በአጼ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። ለምን ቢባል፣ የሚቀበለው ሰው ብዙ ስለነበረ ነው። ማንም የማያውቀውን ጥይት ይዞ ጨው ሊገዛ የወጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው አስቡት።

ታዲያ ከሦስቱ የቱ ይሻላል? ወዳጃችን ልቡ ያለው .300 ብላክአውት ላይ ነው። በ2011 የጸደቀ ሲሆን ከ5.56 ጋር አንድ ዓይነት ካዝና ይጠቀማል፤ በዋናነት የሚቀየረው አፈሙዙ ብቻ ነው። ርካሽና ቀላል! እኛን ያስፈራን ግን ይኸው ቅለቱ ነው። ካዝናው አንድ ስለሆነ የብላክአውት ጥይት በስህተት 5.56 ጠመንጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። 0.308 ኢንች አረር በ0.224 ኢንች ቀዳዳ ለማለፍ ሲታገል ጠመንጃው ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። እንዲህ የፈነዱ ጠመንጃዎች አሉ። ወዳጃችን ደግሞ ቤቱ ውስጥ አንድ 5.56 አለው፤ ጠመንጃ መንካት የጀመረ ልጅም አለው።

ግሬንዴል ግን የራሱ ካዝና ያስፈልገዋል፤ ቀለሁን የሚይዘው ብረትም ይለያል። ወጪው ይበዛል። ነገር ግን ቀለሁ ወፍራም ስለሆነ 5.56 ውስጥ አልገባም ይላል። እምቢ የሚል ጥይት ዝም ብሎ ከሚገባው ይሻላል ባዮች ነን።

ስለዚህ ድምፃችን ለግሬንዴል ነው፤ ያውም ጠመንጃው ሳይታዘዝ በፊት ለአንድ ዓመት ልምምድ የሚበቃ ጥይት ከተገዛ። አጋዘን የማያድን ከሆነ ግን ሰው ሁሉ የያዘውን ይያዝ። ወዳጃችን እስካሁን አልወሰነም። «አስብበታለሁ» ብሎ ስልኩን ዘግቷል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቸር ያሰማን!