እምቦጭን ነቅሎ ዳር ላይ መተው ድካምን ማባከን ነው

እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ በ2004 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ የፎገራ ሜዳ ገበሬዎች ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ እየገቡ በእጃቸው ሲነቅሉት ቆይተዋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻም ተካሂዷል። የበጎ ፈቃዱ ሥራ የሚመሰገን ነው። አረሙ ግን አልጠፋም።

አንደኛው ምክንያት የተነቀለው አረም ከዳር ተከምሮ መቅረቱ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ክምሩን መልሰው ሐይቅ ውስጥ ይከቱታል። ጭቃ ውስጥ የገባው ዘር ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አረሙ ሳያብብ መነቀል፣ ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ ተወስዶም ደርቆ መቃጠል ይኖርበታል።

ሁለተኛው፣ ሁለቱ ወንዞች ከጉና ተራራ አካባቢ አፈርና የማዳበሪያ እጣቢ ይዘው ይወርዳሉ። እምቦጭን የሚያወፍረው ይኸው ነው። በመሆኑም የደጋው ገበሬ እርከን ሳይሠራ የሜዳው ነቀላ ብቻውን ፍሬ አይሰጥም።

ሦስተኛው የሸክሙ አለመመጣጠን ነው። የነቀላው ወራት ከሩዝ አጨዳ ጋር ይጋጫል። የዳርቻው ገበሬ ሐይቁን ሲያጸዳ የራሱ ሩዝ መርገፍ የለበትም። ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከወረታ ዙሪያና ከሐይቁ ራቅ ካሉ ቀበሌዎች ጭምር ተራ ማውጣት፣ የዘማቹንም ማሳ በደቦ ማሳጨድ ይገባቸዋል። አልቅትና ቢልሃርዚያ ስላለ ውኃ የማያስገባ መከላከያ ልብስ ሳይኖር ማንንም ውኃ ውስጥ ማስገባት አይገባም።

ሐይቁ የጋራ ነው፤ ድካሙም የጋራ ይሁን።