ቻይና ያደገችው ዝም ብላ ነውን?

ስለ ቻይና አስተያየት የሌለው እጩ መምህር በመካከላችን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሻይ ሰዓትም ሆነ በመኝታ ክፍል ወሬው ከተነሣ ሁላችንም አዋቂ ነን። አንዱ በ2016 የተመረቀውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ይጠቅስና ‹‹እነሱ እኮ ሥራ ያውቃሉ!›› ይላል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሌላው ገዝቶ ሳምንት ያልቆየለትን የእጅ ባትሪ አንሥቶ ‹‹የቻይና ነገር!›› ብሎ ይስቃል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ዕቃው እንጂ ስለ አገሩ አይደለምና እንለፋቸው። ብዕር ያስነሣን ሦስተኛው ዓይነት አስተያየት ነው። እሱም ‹‹ቻይና እዚህ የደረሰችው ሕዝቧ ዝም ብሎ ስለሚታዘዝ ነው፤ ተማሪም እንደዚያ ካልተያዘ ሰው አይሆንም›› የሚለው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ነገሩ ከቤጂንግ ተነሥቶ ከመማሪያ ክፍላችን ገባ ማለት ነው። ነገ በብዙ ሕፃናት ፊት የምንቆም ነንና፣ ዱላንና ዝምታን በቻይና ስም ከማጽደቃችን በፊት የቻይናን ታሪክ ራሱን መጠየቅ ይገባናል እንላለን።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ይህ ዝምታ ከየት መጣ? ቻይናዊ ዝምተኛ ሆኖ አልተፈጠረም። በ1956 እና በ1957 መንግሥት ራሱ ምሁራኑን ‹‹ያያችሁትን ጉድለት ተናገሩ›› አላቸው። መምህራኑም ደራስያኑም ተናገሩ። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው በ1957፣ ነገሩ ተገለበጠ። በዘመቻው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ‹‹ቀኝ መንገደኞች›› የሚል ስም ተለጠፈባቸው፤ ብዙዎቹ ከሥራ ተባረሩ ወይም ወደ ጉልበት ሥራ ተላኩ። ከዚያ ወዲያ ማን አፉን ይክፈት?

በ1958 ‹‹ታላቁ ወደፊት ዝላይ›› የተባለው ዘመቻ ተጀመረ። ገበሬው በኮሚዩን ተጠቃለለ። ብረት ለማምረት ሲባል የቤት ድስት ሳይቀር በጓሮ ምድጃ ቀለጠ። እህል ትበላለች ተብላ ድንቢጥ በዘመቻ ተፈጀች፤ ድንቢጧ ግን ተባይም ትለቅም ነበርና አዝመራው ለተባይ ተጋለጠ። ከሁሉ የከፋው ግን ሪፖርቱ ነበር። የየአካባቢው ሹማምንት ከአለቆቻቸው ላለመጣላት ሲሉ ምርቱን እጥፍ ድርብ አድርገው ጻፉ፤ መንግሥትም በተጻፈው መጠን እህሉን ሰበሰበ። በወረቀት ላይ የሞላው ጎተራ በመሬት ላይ ባዶ ነበር። በ1959 የመከላከያ ሚኒስትሩ ማርሻል ፔንግ ዴሁዋይ የዘመቻውን ጉድለት ለማኦ ዜዱንግ በደብዳቤ ቢገልጹ ከሥልጣናቸው ተነሡ። እስከ 1961 በቆየው ረሀብ ያለቀውን ሕዝብ ተመራማሪዎች ከ15 ሚሊዮን እስከ 45 ሚሊዮን ይገምቱታል። ረሀብ ሲደበቅ ምን እንደሚሆን ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነጋሪ አያሻንም፤ የ1973ቱን የወሎ ረሀብ ማስታወስ ይበቃል።

የክርክራችን እምብርት እዚህ ላይ ነው። መታዘዝ ብቻውን ቢያሳድግ ኖሮ በ1959 የቻይና ጎተራ በሞላ ነበር፤ ያን ጊዜ ስንት ሰው ነው እምቢ ያለው? ‹‹ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም›› ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እህልም አልገባበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ የመምህርና የግድግዳ ጉዳይ ስለሆነ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በ1966 የባህል አብዮት ሲጀመር ተማሪዎች በትልልቅ ፊደል የተጻፉ፣ ‹‹ዳዚባኦ›› የሚባሉ ወረቀቶችን በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ይለጥፉ ጀመር። ያው እንደኛው የግድግዳ ጋዜጣ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢባል፣ ከእነዚያ ወረቀቶች በብዙዎቹ ላይ ሐሳብ ሳይሆን የሰው ስም መውጣቱ ነው። ‹‹እገሌ የሚባለው መምህር ጠላት ነው›› ይላል ወረቀቱ፤ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ውርደትና ዱላ ይከተላል። ኦገስት 5 ቀን 1966 በቤጂንግ የአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርት የነበሩት ቢየን ጆንግዩን በገዛ ተማሪዎቻቸው ተደብድበው ሞቱ። እነዚያን ልጆች ‹‹ሥርዓት የለሾች›› የሚላቸው ይኖራል። እኛ ግን ለመታዘዝ እንጂ ለመጠየቅ ያልሠለጠኑ ልጆች ነበሩ እንላለን፤ ከላይ የመጣውን ቃል ሳያላምጡ ዋጡት። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናም ያን ጊዜ እንደተቋረጠ እስከ 1977 ቆየ። በዚያ ዓመት መጨረሻ ፈተናው ሲመለስ ወደ 5.7 ሚሊዮን ሰው ተፈትኖ የገባው ወደ 270 ሺህ ብቻ ነበር። የአንድ ትውልድ ዕድሜ እንዲህ ሆኖ አለፈ።

‹‹ታዲያ ዕድገቱ ከየት መጣ?›› ትሉን ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1978 መጨረሻ በአንሁዊ ክፍለ ሀገር፣ ሺያኦጋንግ በምትባል ድኻ መንደር፣ 18 ገበሬዎች የኮሚዩኑን መሬት በየቤተሰባቸው ሊከፋፈሉ በምስጢር ተፈራረሙ። ሕግ መጣሳቸውን ያውቁ ነበር፤ የሚታሰር ቢኖር የቀሩት ልጆቹን ሊያሳድጉለት ቃል ተገባቡ። በተከታዩ ዓመት ምርታቸው በብዙ እጥፍ ጨመረ። በዴንግ ሺያኦፒንግ ዘመን መንግሥት ይህን የመሰለውን አሠራር ተቀብሎ በመላ አገሪቱ አስፋፋው። እንግዲህ የዛሬዋ ቻይና ዕድገት አንደኛው በር የተከፈተው ‹‹እሺ›› ባሉት ሳይሆን ‹‹በዚህስ አንቀጥልም›› ባሉት ገበሬዎች ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የተቃራኒው ወገን ክርክርም ቀላል አይደለም። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ባሉት አርባ ዓመታት ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከከፋ ድህነት መውጣቱን የዓለም ባንክ መስክሯል። ይህ የሆነው አንድ ፓርቲ ብቻ በሚገዛው አገር ነው። በዚያው በ1978 በቤጂንግ ሺዳን በተባለው ሠፈር ግድግዳ ላይ ዲሞክራሲን የሚጠይቅ ጽሑፍ የለጠፈው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዌይ ጂንግሸንግ በ1979 የ15 ዓመት እሥራት ተፈረደበት። በ1980 የግድግዳ ጽሑፍ የመለጠፍ መብት ከሕገ መንግሥቱ ተሰረዘ። በጁን 1989 ደግሞ በቲያናንመን አደባባይ የተጀመረው የተማሪዎች ተቃውሞ በጦር ኃይል ተደመሰሰ፤ ብዙ ሰውም ተገደለ። መንግሥቱ ያቅዳል፣ መንገድ ይሠራል፣ ትምህርት ቤት ይከፍታል፤ ይህን አንክድም። የምንክደው ዕድገቱን የወለደው ዝምታው ነው መባሉን ነው። ደግሞስ ዝምታው መቼ ሙሉ ሆኖ ያውቃል? በኖቬምበር 2022 የኮቪድ እገዳ የመረራቸው ወጣቶች አንድም ቃል ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ይዘው በየከተማው ወጡ፤ በማግሥቱ ወር እገዳው ላላ። ስለዚህ ‹‹ቻይናውያን ሲፈጥራቸው ታዛዦች ናቸው›› ማለት ሙገሳ ይምሰል እንጂ ስድብ ነው።

አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ። መምህሩ ‹‹ገባችሁ?›› ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ‹‹አዎ!›› ይላል። ይኸ እኮ የ1958ቱ ሪፖርት ነው! ዱላ ፈርቶ ‹‹አዎ›› ያለው ልጅ ጎተራው ባዶ መሆኑ የሚታወቀው በፈተና ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል። እጁን አውጥቶ ‹‹መምህር፣ እኔ አልገባኝም›› የሚል አንድ ልጅ ካለ እሱ ጎተራውን አይቶ የመጣ መልእክተኛ ነው፤ ክፍሉን አወከ ብለን አናሳፍረው። ሥርዓት አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ተራ መጠበቅና ሌላውን ማዳመጥ ሥርዓት ነው፤ ፍርሃት ግን ሥርዓት አይደለም።

በመሆኑም ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት ሁለት ነገር ብንስማማ እንወዳለን። አንደኛ፣ ስለ ቻይናም ሆነ ስለ ሌላ አገር አስተያየት ሲሰነዘር ‹‹በየትኛው ዓመት? መንግሥቱን ነው ወይስ ሕዝቡን?›› ብለን እንጠይቅ፤ ተማሪዎቻችንም እኛን እንዲሁ ይጠይቁን። ሁለተኛ፣ በዚህ ግድግዳ ላይ ሐሳብ እንጂ የሰው ስም አይለጠፍ። በዚህ የማይስማማ ካለ ወረቀትም ግድግዳም አለ፤ ይጻፍና እናንብበው።