የበይነ መረብ ፈተና ዕውቀትን ይለካል ወይስ የኮምፒውተር ልምድን?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የ2014 ዓ.ም ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ገብተው መፈተናቸው፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በከፊል በበይነ መረብ መሰጠት መጀመሩ ኩረጃንና ስርቆትን ለመግታት ነው። ወረቀት ታትሞ ካልተጓጓዘ ፈተናው አስቀድሞ የሚወጣበት በር ይጠባል።

ይሁን እንጂ መብራት ካልገባበት ቀበሌ የመጣ ተማሪ ማውዝ የሚጨብጠው በፈተናው ሰሞን ከሆነ ሰዓቱን የሚጨርሰው ከጥያቄው ጋር ሳይሆን ከመሣሪያው ጋር ሲታገል ነው። ልጁን ለማስተማር በሬ የሸጠ አባት ግን የሚነገረው ውጤቱ ብቻ ነው። የአንድ ቀን ገለጻ ይህን ክፍተት አይሞላም።

የትምህርት ቤት የሙከራ ፈተናዎች ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በኮምፒውተር ቢሰጡ ልምምዱ አብሮ ይመጣል። ኮምፒውተር ያልደረሳቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች እስከዚያው በወረቀት ይፈተኑ፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥም የባከነው ደቂቃ ለተፈታኙ ሊካካስለት ይገባል።