«ጥቅም አለው» ለሚሉን፦ የአንዲት የቁማር ከተማ ሒሳብ



ስለ ቁማር ሲነሳ አንዳንድ ወገኖች ዘወትር የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ። «ቁማር መጥፎ መሆኑን እኛም አንክድም፤ ሆኖም ሰው መጫወቱ ላይቀር መንግሥት ፈቅዶና ተቆጣጥሮ ግብር ቢሰበስብበት ሽማግሌ ይጦርበታል፣ ሥራ አጥ ይቀጠርበታል፣ ከተማ ይለማበታል» ይላሉ። ይህን የሰማ ወላጅ አንዳንዴ መልስ ይጠፋዋል። «ሐራም ነው» ብሎ ቢያቆም፣ ልጁ ደግሞ «ጥቅሙስ?» ብሎ መልሶ ይጠይቀዋል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በሱረቱል በቀራ 219ኛ አንቀጽ ስለ አስካሪ መጠጥና ስለ መይሲር (ቁማር) ለተነሳው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ጥቅማቸውን ጨርሶ የካደ አልነበረም። ለሰዎች ጥቅም እንዳላቸው ካወሳ በኋላ፣ ኃጢአታቸው ግን ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ ገለጸ። በኋላም በሱረቱል ማኢዳ 90ኛ አንቀጽ ፈጽሞ ተከለከሉ። እንግዲህ ጥቅምንና ጉዳትን በሚዛን አስቀምጦ ማየት ከዲናችን የተማርነው ነገር ነው። እኛም በዚህ ወር አምዳችን፣ ቁማርን ለሽማግሌዎች መጦሪያና ለከተማ ማልሚያ ብላ የፈቀደችን አንዲት የአሜሪካ ግዛት የሒሳብ መዝገብ እንመልከት። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃል የተገባው ምን ነበር?

አትላንቲክ ሲቲ በአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ በውቅያኖስ ዳር የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከኒው ዮርክና ከፊላዴልፊያ የሚመጡ መዝናኛ ፈላጊዎች በባቡር ይጎርፉባት ነበር። የአውሮፕላን ጉዞ ሲስፋፋ ግን ሰዉ ወደ ሩቅ ባሕር ዳርቻዎች መሄድ ጀመረ፤ ሆቴሎቿ አረጁ፤ ሕዝቧም ደኸየ።

በ1974 በግዛቲቱ ውስጥ ካዚኖ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ በሚል ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ሕዝቡም አልቀበልም አለ። ፖለቲከኞቹና ነጋዴዎቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጥያቄውን አሻሽለው መልሰው አቀረቡት። በዚህ ጊዜ ካዚኖ የሚፈቀደው በአትላንቲክ ሲቲ ብቻ እንዲሆን፣ ከግብሩ የሚገኘውም ገንዘብ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲውል ተባለ። ለቅስቀሳው ከፍተኛውን መዋጮ ያደረገው ደግሞ ሪዞርትስ ኢንተርናሽናል የተባለው የካዚኖ ድርጅት ነበር። ሕዝቡ በ1976 ይሁንታውን ሰጠ፤ ግንቦት 26 ቀን 1978 ደግሞ ይኸው ድርጅት ከኔቫዳ ግዛት ውጭ በአሜሪካ የመጀመሪያውን ሕጋዊ ካዚኖ ከፈተ።

ልብ በሉ፤ መራጩን የለወጠው የቁማር ፍቅር አልነበረም። የአዛውንቶች ስም ነበር።

«ገቢ» የተባለው የማን ገንዘብ ነው?

የግዛቲቱ ሕግ ካዚኖዎቹ ከጠቅላላ ገቢያቸው ላይ 8 በመቶ ግብር እንዲከፍሉ አዘዘ። አሁን አንድ ቃል እንመርምር። «የካዚኖ ገቢ» ሲባል ምን ማለት ነው? ዳቦ ጋጋሪ ገቢ ሲያገኝ ገዢው ዳቦውን ይዞ ይሄዳል። በካዚኖ ግን ገቢ ማለት ተጫዋቾቹ ካስያዙት ገንዘብ ላይ ለአሸናፊዎች ተከፍሎ የሚተርፈው ነው። በአጭሩ፣ ተጫዋቾቹ በድምሩ የተበሉት ገንዘብ ማለት ነው። የካዚኖው ትርፍ መዝገብና የቤተሰቦች ኪሳራ መዝገብ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ከየትኛው ወገን እንደሚነበብ ብቻ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። የአትላንቲክ ሲቲ ካዚኖዎች ከፍተኛውን ገቢ ያገኙት በ2006 ሲሆን 5.2 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። የዚህ 8 በመቶ 416 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለአዛውንቶች መድኃኒት መግዣና ለአካል ጉዳተኞች መርጃ መዋሉ እውነት ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም እንጀራ አግኝተውበታል። ፍትሕ ከእኛ የሚጠበቅ ስለሆነ ይህን አንደብቅም። ነገር ግን ለአንድ አዛውንት 8 ዶላር ለመስጠት በመጀመሪያ አንድ ሰው 100 ዶላር መበላት ነበረበት።

ያ ሰው ማን ነበር? ካዚኖዎቹ ከአካባቢው ከተሞች ሰው በአውቶቡስ ጭነው ያመጡ ነበር። ተሳፋሪው ሲደርስ ለመጫወቻ የሚሆን የሳንቲም ጥቅል ወይም የምግብ ኩፖን ይሰጠዋል። በእነዚህ አውቶቡሶች ከሚመጡት ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። እንግዲህ የሽማግሌው መጦሪያ ከሽማግሌው ኪስ መውጣቱ ነው! «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ይህን ይመስላል። በእስልምና ለችግረኛው የሚሰጠው ዘካ ከባለጸጋው ሀብት ላይ ተነስቶ ወደ ድሃው ይሄዳል። በቁማር ግብር ግን ከደካማው ተነስቶ፣ ከመቶው ስምንቱ ብቻ ወደ ደካማው ይመለሳል።

ጠባቂውስ በምን ሁኔታ ላይ ነበር?

በ1977 የግዛቲቱ ገዥ ብሬንዳን ባይርን የካዚኖ ቁጥጥር ሕጉን በፈረሙበት ዕለት፣ የወንበዴ ማኅበራት ከአትላንቲክ ሲቲ እጃቸውን እንዲሰበስቡ በአደባባይ አስጠንቅቀው ነበር። ጠንካራ የቁጥጥር ኮሚሽንም ተቋቋመ። የካዚኖ ባለፈቃዶች ለምርጫ ተወዳዳሪዎች ገንዘብ እንዳይሰጡም በሕግ ተከለከለ። ሕግ አውጪዎቹ የቁማር ገንዘብ ወደ ፖለቲካ ቢገባ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ዳሩ ግን ብዙ ሳይቆይ፣ በ1980 የፌዴራል መርማሪዎች ባካሄዱት የጉቦ ምርመራ ምክንያት የዚያው የቁጥጥር ኮሚሽን ምክትል ሊቀ መንበር ከሥልጣናቸው ለቀቁ። በ1984 ደግሞ የከተማዋ ከንቲባ ማይክል ማቲውስ በሕዝብ ድምፅ ከሥልጣን ወረዱ። ከወንበዴዎች ጋር ግንኙነት ነበራቸው ተብለው ተከሰው፣ በሥልጣን አስገድዶ ገንዘብ መቀበልን አምነው 15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ይህ የአንዲት ግዛት ብቻ ችግር አይደለም። በሉዊዚያና ግዛት በወንዝ ላይ በሚንሳፈፉ መርከቦች ካዚኖ እንዲከፈት የተፈቀደው በ1991 ሲሆን፣ ሕጉ የፈቀደው 15 ፈቃድ ብቻ ነበር። ፈቃዱ ጥቂት፣ ፈላጊው ግን ብዙ ሲሆን የፈቃድ ዋጋ ከጠረጴዛ ሥር ይወጣል። አራት ጊዜ የግዛቲቱ ገዥ የነበሩት ኤድዊን ኤድዋርድስ ከፈቃድ ፈላጊዎች ገንዘብ በማስገደድ በ2000 ጥፋተኛ ተብለው 10 ዓመት ተፈረደባቸው። ከከፋዮቹ አንዱ በጥሬ ገንዘብ የሰጠው 400 ሺህ ዶላር ነበር።

ቁማር ቤቱ ራሱ ሲከስር

«ቤቱ ሁልጊዜ ያሸንፋል» ይባላል። ነገር ግን ቁማር ቤቱም በአራጣ ላይ ከቆመ ይወድቃል። ዶናልድ ትራምፕ በ1990 በአትላንቲክ ሲቲ ታጅ ማሃል ብለው የሰየሙትን ግዙፍ ካዚኖ ሲከፍቱ፣ ለግንባታው 675 ሚሊዮን ዶላር በ14 በመቶ ወለድ ተበድረው ነበር። በዓመቱ፣ በ1991፣ ካዚኖው ዕዳውን መክፈል አቅቶት የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በዚያው ከተማ በነበራቸው ሌላ ካዚኖ ደግሞ የወለድ መክፈያው ቀን ሲደርስ፣ አባታቸው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የመጫወቻ ቺፕስ አስገዝተው ሳይጫወቱበት በመተው ገንዘብ አቀበሏቸው። ተቆጣጣሪዎቹም ድርጊቱ ደንብ የጣሰ ነው ብለው ካዚኖውን በገንዘብ ቀጥተዋል። ካዚኖዎቹ ከከሰሩ በኋላም ባለቤታቸው በ2017፣ ቀጥሎም በ2025 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ካዚኖዎቹን የሠሩ አነስተኛ ተቋራጮችና ያበደሩ ሰዎች ግን ከገንዘባቸው ብዙውን አጥተዋል።

ጎረቤት ሲነቃ

የአትላንቲክ ሲቲ ሀብት የተመሠረተው ጎረቤት ግዛቶች ቁማርን በመከልከላቸው ላይ ነበር። ጎረቤቶቹም የነዋሪዎቻቸው ገንዘብ ድንበር ተሻግሮ ሲሄድ አይተው ዝም አላሉም። ፔንሲልቬኒያ በ2004 ሕግ አውጥታ፣ ከቁማር ማሽኖች ገቢ ላይ ከግማሽ በላይ ግብር ጣለች። የእርሷም ተስፋ የነዋሪዎችን የቤት ግብር ማቅለል ነበር። የመጀመሪያው የካዚኖ አዳራሽዋ በ2006 መጨረሻ ተከፈተ። የኒው ጀርሲ ገቢ ከዚያ ዓመት ወዲያ ቁልቁል ወረደ፤ በ2014 ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች ሆነ። በዚያው ዓመት ከ12ቱ የአትላንቲክ ሲቲ ካዚኖዎች አራቱ ተዘጉ፤ 8 ሺህ ያህል ሠራተኞችም ከሥራ ወጡ። ከተዘጉት አንዱ ሬቨል የተባለው ሲሆን፣ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ ግዛቲቱም የ261 ሚሊዮን ዶላር የግብር ማበረታቻ አጽድቃለት፣ በተከፈተ ከሁለት ዓመት ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ በሩን ዘጋ። በዓመቱ የተሸጠው በ82 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ካዚኖዎች ሲዘጉ የከተማዋ የግብር ምንጭ አብሮ ደረቀ። በ2016 መጨረሻ የግዛቲቱ መንግሥት የከተማዋን ዋና ዋና የአስተዳደር ሥልጣን ከነዋሪዎቹ ተመራጮች ላይ ወሰደ። ያን ሁሉ ቢሊዮን ያስተናገደችው ከተማ ለብዙ ዓመታት አንድ የተሟላ የምግብ መደብር እንኳ አልነበራትም፤ ከነዋሪዎቿም ሲሶ ያህሉ በድህነት ይኖሩ ነበር።

ታዲያ መንግሥት ከዚህ ተምሮ ቁማርን ቀነሰ? አልቀነሰም። ኒው ጀርሲ በ2013 በኢንተርኔት መጫወትን ፈቀደች። በ2018 ደግሞ የስፖርት ውርርድን ከከለከለው የፌዴራል ሕግ ጋር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክራ አሸነፈች። በ2024 በኢንተርኔት ብቻ ተጫዋቾች የተበሉት ገንዘብ 2.39 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በ2025 ግዛቲቱ በጀቷን ለመሙላት በኢንተርኔት ቁማርና ውርርድ ላይ የጣለችውን ግብር ወደ 19.75 በመቶ ከፍ አደረገች። ከዚህ በኋላ ሰዎች ቁማር ቢተዉ የሚደነግጠው ባለካዚኖው ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት በጀት ሠሪውም ነው። የሁሉ ቁልፍ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ደካማን እንዲጠብቅ የተሾመ አካል የደካማውን መሸነፍ የሚጠባበቅ ሸሪክ ሆነ።

ሸሪክነቱንም የሚሹ ባለሀብቶች አይተኙም። የላስ ቬጋስ ሳንድስ ኩባንያ ባለቤቶች ቴክሳስ ካዚኖ እንድትፈቅድ በፖለቲከኞች ላይ ለዓመታት ገንዘብ አፍስሰዋል። በ2023 የቀረበው ሐሳብ በምክር ቤቱ የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሳያገኝ ቀረ፤ እነርሱ ግን ኒው ጀርሲ ከ1974 በኋላ እንዳደረገችው ደግመው መጠየቃቸውን አልተዉም።

ወደ ቤታችን እንመለስ

ውድ አንባብያን፤ ይህን ሁሉ የዘረዘርነው የሩቅ አገር ወሬ ለማውራት አይደለም። በአገራችን ከተሞችም የስፖርት ውርርድ ቤቶች በሕጋዊ ፈቃድ መከፈታቸውን፣ ውርርዱም በእጅ ስልክ በየቤታችን መግባቱን የማያውቅ ወላጅ የለም። ለዚህም የሚሰጠው ምክንያት ያው ነው፤ ግብር ይከፍላል፣ ሥራ ይፈጥራል ይባላል።

ስለዚህ ልጃችሁ «ጥቅሙስ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ አትቆጡት። አብራችሁት ተቀመጡና ወረቀትና እርሳስ አውጡ። በአንድ ወገን ግብሩን፣ በሌላው ወገን ግብሩ የተቆረጠበትን ሙሉ ገንዘብ እንዲጽፍ አድርጉት። ከዚያም «ይህ ገቢ ለማን ኪሳራ ነበር? በዚያ ቤት ያለችው እናት ምን አበሰለች? የልጆቹ የትምህርት ክፍያስ ተከፈለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ራሱ ያሰላውን ሒሳብ ጓደኞቹ በቀላሉ አያስረሱትም።

ቀድሞውኑ የገባበት ወንድም ወይም ባል ካለ ደግሞ ነውሩን በአደባባይ አታውጡበት። ዕዳው ሳይበዛ በግልጽ እንዲናገር መንገድ ክፈቱለት፤ የቤት ወጪውን ገንዘብ ለጊዜው ሌላ የቤተሰብ አባል ይያዘው፤ የሚተካ ሐላል ሥራና መልካም ጓደኛም ፈልጉለት። የተውበት በር ክፍት ነውና።

አላህ (ሱ.ወ) ቤቶቻችንን ከሐራም ሪዝቅ ይጠብቅልን፤ በሐላሉም በረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።