ያለ ምስክር የሚሰጥ መልስ

ሰው ያላወቀውን ነገር ከሚያውቅ መጠየቁ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። ባላገሩ ስለ ርስቱ ዳኛን፥ ተማሪው ስለ ንባቡ መምህሩን፥ ነጋዴው ስለ መንገዱ መንገደኛን ይጠይቅ ነበር። ተጠያቂውም ማን እንደ ሆነ ስለሚታወቅ፥ የሰጠው ቃል ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚወቀስ ሰው አይታጣም ነበር። በዘመናችን ግን ጥያቄው ወደ እጅ ስልክ ከዞረ ወዲህ የመላሹ ማንነት ከዓመት ወደ ዓመት እየተሰወረ ስለ ሄደ፥ በዚህ ነገር ጥቂት መናገር ይገባናል።

ጉግል የተባለው መፈለጊያ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 በተቋቋመ ጊዜ ሥራው መልስ መስጠት አልነበረም። በዓለም የተጻፉትን ገጾች ሰብስቦ፥ ሌሎች ብዙ ገጾች የጠቆሙትን ከፊት እያስቀደመ፥ ለጠያቂው በተራ ያቀርብለት ነበር እንጂ። የትኛውን ከፍቶ እንዲያነብ፥ የትኛውንም እንዲያምን የሚመርጠው ጠያቂው ራሱ ነበር። ይህም ድካም ቢኖረው ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ ጽሑፉን ከነጸሐፊው ስምና ከተጻፈበት ቀን ጋራ ለማየት ያስችለዋልና።

ከዚያ በኋላ በ2011 የአፕል ኩባንያ ሲሪ የተባለችውን፥ በ2014 ደግሞ አማዞን አሌክሳ የተባለችውን በድምፅ የምትጠየቅ ረዳት አወጡ። ድምፅ ዐሥር ገጾችን በተራ ሊያሰማ አይችልምና መልሱ አንድ ብቻ ሆነ። በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ መጣ፤ በ2024 ደግሞ ጉግል ራሱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያጠናቀረውን መልስ ከገጾቹ ሁሉ በላይ ያስቀምጥ ጀመር። ከወጣቶቹም ብዙዎች የምሳ ቦታ እንኳ ሲፈልጉ መፈለጊያውን ትተው ወደ ቲክቶክና ወደ ኢንስታግራም ይሄዳሉ።

የድምፅን ጥቅም መካድ አይገባም። ፊደል ያልቈጠረ ባላገር፥ ዓይኑን ያጣ ሰው፥ እጁ በመሪ የተያዘ ሾፌር በቃሉ ብቻ ጠይቆ ሊረዳ ይችላል። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. ለገበሬው በ8028 ቁጥር የስልክ መሥመር ተከፍቶ ስለ እርሻ ሥራ ምክር በየቋንቋው ሲሰጥበት፥ እጅግ ብዙ ገበሬ እየደወለ ሰምቶበታል። በዚያ መሥመር ግን ምክሩን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የታወቀ ነበር። ለአማርኛ ደግሞ ድምፅ ልዩ ረብ አለው። በጽሑፍ ሲሆን አንዱ ዓለምን በዐይኑ ዐ፥ ሌላው በአልፋው አ፥ አንዱ ንጉሥን በንጉሡ ሠ፥ ሌላው በእሳቱ ሰ ስለሚጽፍ፥ አንዱ ያኖረውን ሌላው ፈልጎ የሚያጣበት ጊዜ አለ። በድምፅ ሲጠየቅ ይህ ችግር ይቀራል፤ በአንጻሩ የፀሐይ መውጣት የሆነው ሠረቀና የሌባ ሥራ የሆነው ሰረቀ ለጆሮ አንድ ይሆናሉ። ጽሑፍ የማይለየውንም ድምፅ የሚለይበት አለ፤ ገና ብለን ስንጽፍ የልደት በዓል ይሁን ጊዜው ያልደረሰ ነገር የሚታወቀው በማጥበቅና በማላላት ነው። ጉግል በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ጋራ ስለ ጨመረ፥ ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ፍርሃታችን ከሌላ ወገን ነው። በዚያው በ2024 የጉግል አዲሱ መላሽ፥ በፒዛ ላይ ያለው አይብ እንዳይንሸራተት ሙጫ ጨምሩበት ብሎ መምከሩ ዓለምን ሁሉ አስቆ ነበር። ምክሩ የተገኘው ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ለቀልድ ከጻፈው ቃል ነው። ሙጫ እንደማይበላ ሁሉም ስለሚያውቅ ብዙ ጉዳት ሳያደርስ አለፈ። ነገር ግን አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ ስንት ቀን ዕረፍት እንደሚገባት ስልኳን ብትጠይቅ፥ ከአዋጅ ቁጥር 377/1996 ወስዶ የሚመልስ መሣሪያ 60 ቀን ይላታል። ያ አዋጅ ግን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተሽሮ ዕረፍቱ 90 ቀን ሆኗል። ስልሳ ማለት እንደ ሙጫው አያስቅም፤ እውነት ይመስላል፤ ሴቲቱም የሚገባትን 30 ቀን ሳታውቅ ሕፃኗን ትታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሁለቱ አዋጆች ጎን ለጎን ቀርበውላት ቢሆን ዓመታቸውን አይታ ትለይ ነበር። እርግጥ ነው፥ በጽሑፍ ሲመልሱ ምንጩን ከግርጌ የሚያመለክቱ መሣሪያዎች አሉ፤ በድምፅ ሲሆን ግን ግርጌ የለም።

የአገራችን የትርጓሜ መምህራን ልማድ ከዚህ የራቀ ነው። መምህሩ አንዱን ቃል ሲፈታ፥ አንድም እንዲህ ነው፥ አንድም እንዲህ ነው እያለ የተቀበለውን ሁሉ ያወርዳል እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን አይሰውርም። ተማሪውም ከማን እንደ ተማረ ይጠየቃል። (ይህ ትምህርት ዓመታት ስለሚፈጅ የቸኮለ ሰው አይወደውም፤ መሣሪያው የተሠራው ደግሞ ለቸኮለ ሰው ነው።)

በካናዳ የሆነውን ሹማምንቶቻችን ቢመለከቱት ይጠቅማል። ዘመድ የሞተበት አንድ መንገደኛ በኤር ካናዳ ገጽ ላይ የተተከለውን መላሽ መሣሪያ ቢጠይቅ፥ ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ ከሄደ በኋላ የኀዘንተኛ ቅናሽ ሊጠይቅ እንደሚችል ነገረው። ኩባንያው ግን ደንቡ አይፈቅድም ብሎ ከለከለው፤ በተከሰሰም ጊዜ መሣሪያው ለተናገረው ራሱ ኃላፊ ነው እስከ ማለት ደረሰ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነገሩን ያየው ዳኛ በ2024 ይህን ክርክር ሳይቀበል ኩባንያው እንዲከፍል ፈረደ። መሣሪያው በኩባንያው ደጃፍ ስለ ቆመ ከሳሹ ተከሳሽ አገኘ። ከዓለም ሁሉ ቃርሞ የሚመልሰው መሣሪያ ስለ አዋጃችን ቢሳሳት ግን ያቺ የፋብሪካ ሠራተኛ ማንን ትከሳለች?

መሣሪያው የሚመልሰው ተጽፎ ካገኘው ነው። ከመሥሪያ ቤቶቻችን ብዙዎቹ ማስታወቂያቸውን ፎቶግራፍ አንሥተው በቴሌግራምና በፌስቡክ ይለጥፋሉ። ማኅተሙና ፊርማው ስለሚታይ ለዓይን ያማረ ነው፤ ቃሉ ግን በፊደል ስላልተቀመጠ ፈላጊው በቀላሉ አያገኘውም፤ ከጥቂት ቀን በኋላም በሌላ ወሬ ሥር ይቀበራል። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያንም የባሕረ ሐሳብን ስሌት በአማርኛ አብራርተው፥ የመምህራቸውን ስም ጠቅሰው ቢያኖሩት መልካም ነው። በ2016 ዓ.ም. የእኛ ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ቀን ሲውል የምዕራባውያኑ መጋቢት 22 ቀን ውሎ ነበር፤ በዋሽንግተን የተወለደ ልጅ ፋሲካ መቼ ነው ብሎ ስልኩን ሲጠይቅ የሚሰማው የትኛውን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ አዋጅ፥ ደንብና መመሪያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ሁሉ ቃሉን በፊደል በራሱ ድረ ገጽ ያኑር። ቁጥሩን፥ የወጣበትን ቀን፥ የሻረውንም የቀድሞ መመሪያ በመጀመሪያው መሥመር ይጻፍ። የተሻረውም አይፍቀው፤ መሻሩን በላዩ ይጻፍበት እንጂ። ይህ ሥራ አዲስ በጀት የሚያስጠይቅ አይደለም፤ ፎቶግራፉ ከመነሣቱ በፊት በፊደል የተጻፈው ቅጂ በጸሐፊው እጅ አለ።